ወንዝ የሞላባት ሸረሪት

በዚህ ዕድሜዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ብዙዎች ናቸው። የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችው ግን ሰው አይደለችም፤ ሸረሪት ናት። ቁመቷ ከቡሬ የእህል መጋዘን ይበልጣል። እግሮቿ ስምንት ናቸው፤ ከስምንቱ አንዱ በሽቦ እንደሚጎተት ልብ ላለ ሰው ያስታውቃል። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ያን ጊዜ ፊልሙም፣ የእኛም ፍርድ ጥቁርና ነጭ ነበር። እኔ በዚች ፍጡር አፍ ያላለችውን ተናግሬ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አስለቅሼባታለሁ። ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ነገሩም ተረሳ ብዬ በተቀመጥኩበት፣ በገበያ ቀን፣ በጋሪ ተሳፍሮ ደጄ ድረስ መጣ።

ይህን ስላችሁ በፍኖተ ሰላም የታወቅኩ ሰው እንዳልመስላችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየመጽሔቱ ጽፌአለሁ። አገር የወደደውን ስጠላ፣ አገር የጠላውን ስወድ ኖሬአለሁ፤ እስካሁን ግን «ተሳስተሃል» የሚለኝ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ለተከራካሪ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ጽሑፌን የምትተይብልኝ የኮምፒውተር ቤቷ ልጅ ብቻ «ጋሼ፣ ይኼ የመመረቂያ ጽሑፍዎ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። ስለዚህ ያን ቀን ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከነድንች ጆንያቸው ከጋሪ ወርደው «የአስተርጓሚው ቤት ይኼ ነው?» ሲሉ፣ የተሳሳቱ መስሎኝ በጣቴ ወደ ፍርድ ቤቱ ጠቆምኳቸው።

«የፍርድ ቤቱን አይደለም» አሉ። «የሸረሪቷን ነው።»

ከበስተኋላዬ ባለቤቴ ብርቱካን የተማሪዎቿን ፈተና ታርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋ ቀጥ አለ። ብርቱካን የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ብዙ ኃጢአቴን ነግሬአታለሁ፤ በወጣትነቴ ቡሬ ላይ የእንግሊዝኛ ፊልም አስተርጓሚ እንደነበርኩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዳቦ ሰርቆ ያደገ ሰው ዳቦ ጋጋሪ ቢያገባ ስለ ልጅነቱ አያወራም።

ሽማግሌው አያ አለኸኝ ይባላሉ። የመጡት ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ነው። አንደኛው ዓይናቸው በሞራ እርጎ መስሏል። ሌላኛውን ደግሞ በሳምንቱ ሰኞ ሐኪም ሊነካው ነው፤ እስከዚያ ለምርመራ እዚሁ ቆይ ተብለው የእህታቸው ልጅ ቤት አርፈዋል።

«ሐኪሙ ይሻልሃል ብሎኛል» አሉ፤ «እግዜር ግን እስካሁን ምንም አላለኝም።»

ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ያችን ሸረሪት እንደገና ማየት። ነገሩን ረጋ ብለው አስረዱን። ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ፊልም ያዩት፣ ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ገበያ ውለው አብረው ገብተው ነው። ሸረሪቷ የተናገረችበት ቦታ ላይ እትዬ ይመኙሻል አለቀሱ። አያ አለኸኝ ከዚያ በፊት ሚስታቸው ሲያለቅሱ አይተው አያውቁም ነበር።

«ሰው ሁሉ ፊልሙን ሲያይ እኔ እሷን ሳይ አመለጠኝ» አሉ። «እሷ ያየችውን አንድ ጊዜ ልየው። ዓይኔ ሳለ።»

ብርቱካን በትሕትና፣ ይኼን ያህል መድከም እንደማያስፈልጋቸው፣ ፊልም የሚጭኑ ልጆች በስልክ ሊጭኑላቸው እንደሚችሉ ነገረቻቸው። አያ አለኸኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም የኔ ልጅ። እሱ ካልቆመበት ምኑን አየሁት?»

እኔ ሃያ ዓመት አንባቢ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ከእነ ድንቹ የመጣ አድናቂ ሳገኝ ምን ልሁን? ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ አልኳቸው። ፊልሙ የት እንዳለ አላውቅም። ስሙንም አላውቅም። ቃሌን ግን ሰጠሁ። ብርቱካን እሳቸውን ሸኝታ ተመለሰችና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ «በል ከመጀመሪያው ጀምር» አለችኝ። ለእሷ የተናዘዝኩትን ለእናንተም ልድገመው።

አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት ቡሬ ነው። ቤታችን ከፈጣም ወንዝ ማዶ ነበር። እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እናቶቻችን በየገበያው ቀን ተሸክመው በሚያመጡልን ስንቅ እንኖራለን። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ። የገጠር ተማሪ ሳምንት ሰባት ቀን የለውም፤ ስንቅ የገባበት፣ ስንቅ የተጋመሰበትና ስንቅ ያለቀበት ተብሎ ሦስት ነው።

በዚያው ዓመት ገበያው ዳር አንድ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ጄኔሬተር ነበረው፣ ቴሌቪዥን ነበረው፣ ቋንቋ አልነበረውም። ለገበያ የመጣው ሰው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ማን ማንን በምን ምክንያት እንደመታው ሳያውቅ ይወጣል። ሙግት ለሚወድ አገር ይኼ ከባድ በደል ነው። ሰው ማወቅ የሚፈልገው የተመታውን ሳይሆን የተመታበትን ምክንያት ነው። ባለቤቱ እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ሲያፈላልግ ወደ እኔ ጠቆሙት። ማስረጃቸው መዝገበ ቃላት ይዤ መዞሬ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ግማሽ ተገንጥሎ እንግሊዝኛዬ ከኤም እንደሚጀምር ማንም አልጠየቀም። ደሞዜ ሻይ በዳቦ ሆኖ ተቀጠርኩ።

አሠራሬ ይኼ ነበር። ዱላ ይዤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጀርባዬን ለፊልሙ፣ ፊቴን ለሕዝቡ ሰጥቼ እቆማለሁ። ዞሬ አላይም፤ ባይም አይገባኝም። የሕዝቡን ፊት ግን አነባለሁ። ወደ ኋላ ሸሸት ካሉ ሽጉጥ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ካመጡ መሳሳም መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ካዛጉ ነጮቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ ተነሥቼ ምክንያቱን እፈጥራለሁ። ዛሬ የትርጉም ሊቃውንት የጻፉትን ሁሉ ካነበብኩ በኋላም ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላገኘሁም፤ እነሱ መጽሐፉን ነው የሚያዩት፣ እኔ አንባቢውን ነበር የማየው።

ሸረሪቷ የመጣችው መስከረም ሊያልቅ ደርሶም ክረምቱ አልወጣም ባለበት ሰሞን ነው። ፈጣም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሦስት ገበያ አለፈ፤ እናቴ መሻገር አልቻለችም። ጓደኞቼም ከዚያው ማዶ ስለሆኑ ሦስታችን በአንድ ባዶ አቁማዳ ዙሪያ እየተያየን እንውላለን። ባለ ቪዲዮ ቤቱ በዚያ ሳምንት አዲስ ካሴት አመጣ። ሽፋን የለውም፤ በእስክሪብቶ «ሸረሪት» ተብሎበታል። በባዶ ሆዴ ቆምኩ። ትንሽ እንደሄደ ከጀርባዬ የሰው ጩኸት ሰማሁ። የሕዝቡ ፊት ላይ እስከዚያን ቀን አይቼ የማላውቀው ድንጋጤ ወጣ። ፊት ያሉት ሊሸሹ ተነሡ፤ የኋለኞቹ ወደ በሩ ዞሩ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ሻይ የለም፣ ዳቦም የለም።

«አትሽሹ!» አልኩ። «ክፉ አይደለችም። እናት ናት። ልጇን ነው የምትፈልገው።»

ሕዝቡ ተቀመጠ። አንዴ እናት ካልኳት በኋላ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሰው ያስፈራራችው መንገድ ለመጠየቅ ነው አልኩ። የስልክ ምሰሶ የገነደሰችው ዓይኗ በለቅሶ ታውሮ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ ከኋላዬ ሲጢጥ የሚል የጣር ድምፅ ሲመጣ፣ እኔ ራሴ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ፣ በእሷ አንደበት እንዲህ አልኩ፦ «ልጄ፣ አልረሳሁህም። ስንቅህን ቋጥሬ ሦስት ጊዜ እወንዙ ዳር ደርሻለሁ። ወንዙ ሞልቶብኝ ነው እንጂ መጥቼ ነበር። ውሃው ሲጎድል እመጣለሁ።»

አዳራሹ እንደ ልቅሶ ቤት ሆነ። ያን ዓመት ሕዝቡ በየገበያው «ሸረሪቷን ድገሙልን» እያለ ሌላ ፊልም አላስገባ አለ። የቤታቸውን ድር «የእናት ቤት አላፈርስም» ብለው ሳይጠርጉ የከረሙ ሴቶች እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

ክብሬ በዚህ አላበቃም። ከዚያ ቀን በኋላ በየገበያው፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ድርቆሽና ቆሎ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ «ለአስተርጓሚው» ተብሎ ይቀመጥልኝ ጀመር። ማን እንዳመጣው በረኛው አያውቅም፤ «አንዲት ሴት» ብቻ ይላል። እኔ ወዲያው ገባኝ። ከፊቴ የምትቀመጥ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ በእንግሊዝኛዬ ተማርካለች። ሁለት ገጽ የምስጋናና የፍቅር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፤ ከኤም ወዲህ ያለውን ቃል ሁሉ ጨረስኩበት። ደብዳቤውን ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰጠችው። አስተማሪው በቀይ አርሞ ክፍል ውስጥ ለጠፈው። ድርቆሹ ግን አልቀረም። ሴት ልጅ በአፏ እንቢ ብላ በልቧ እሺ ስትል እንዲህ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ በላሁ።

ብርቱካን ይኼን ሁሉ ሰምታ፣ «ቀይ እስክሪብቶ ከጥንት ጀምሮ ይከተልሃል ማለት ነው» አለች።

ፍለጋው ተጀመረ። ፊልም የሚጭኑት ልጆች የግዙፍ ሸረሪት ፊልም እፈልጋለሁ ስላቸው ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ያላቸውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገለበጡልኝ። በአራት ቀን አሥራ አንድ የሸረሪት ፊልም አየሁ፤ አሁን በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚከራከር ካለ ይምጣ። እነዚህ ፊልሞች እንደ ቅዳሴ የተወሰነ ሥርዓት አላቸው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሊቅ አለ፤ ሊቁ ቆንጆ ልጅ አለችው፤ ልጂቱን ይጠብቅ ወይስ ሸረሪቷን ሳይወስን ሸረሪቷ ታመልጣለች። ከዚያ ላም ትጠፋለች። ምንጊዜም ቀድማ የምትጠፋው ላም ናት፤ ባለላሙ ለሹሙ ያመለክታል፤ ሹሙ አያምነውም። ይህችን ክፍል ያለ ትርጉም ነው የተከታተልኳት። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ግራ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ያያል፤ ቀና ብሎ የሚያይ ግን የለም።

ያን የሚያህል ሸረሪት በዓለም ላይ ሊኖር እንደማይችል አንብቤአለሁ። የገዛ ክብደቷ እግሯን ይሰብረዋል፤ ትንፋሽም አይበቃትም። ይሁን። አዲሶቹን ሸረሪቶች ደግሞ በኮምፒውተር አሳምረው ሠርተዋቸው ፀጉራቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አንዳቸውም አላስፈሩኝም። የድሮዎቹ ሽቦ ይታይ ነበር። ሽቦው ስለሚታይ ግማሹን ሸረሪት ተመልካቹ ራሱ መሥራት ነበረበት። ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚፈራው ራሱ የሠራውን ነው፤ አጥብቆ የሚወደውም እሱኑ።

ከአሥራ አንዱ የእኔዋ የለችም። ራሴ በራሴ እንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ያገኘሁት የነፍሳት መግደያ ማስታወቂያ ነው። በመጨረሻ ብርቱካን ስልኬን ተቀብላኝ አንድ መስመር ጻፈች፤ የእኔዋ ሸረሪት ራሷ ወጣች። ኔትወርኩ እንደ ፈቃዱ እየመጣና እየሄደ ፊልሙ ሁለት ቀን ፈጅቶ ወረደ። ዓርብ ከሰዓት ሁለታችን ቁጭ ብለን አየነው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ያን ፊልም ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበራ። ሠላሳ ዓመት «የእኔ ፊልም» ስለው የኖርኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

አሸዋ ነው። የቦምብ ብርሃን ይበራል፤ ከአንድ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ሸረሪቷ ትወጣለች። ልጅ የላትም። ማንንም አትፈልግም። አትናገርም፤ ድምፅዋ ቅባት የጎደለው የጋሪ ጎማ ነው። አንድ ላምና ሁለት ፖስተኞች ትበላለች። መጨረሻ ላይ በመብራት አባብለው የባቡር ዋሻ ውስጥ ያስገቧትና ነዳጅ የጫነ ፉርጎ ያፈነዱባታል። ጢስ ይሆናል። የሊቁ ልጅና አንድ መኮንን ይተያያሉ። ሰውየው አንዲት ቃል ይናገራል፤ ብርቱካንን ምን አለ ብላት «አለቀ» አለችኝ።

ከዚያ ሳቋ መጣ። «ወንዙ የታለ?» አለች። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሸዋ ነው እኮ። ፈጣምን በየት በኩል አስገባኸው? ስንቁንስ ማን ቋጠረላት?» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አንድ ነገር ጎድሎብኝ ነበር። ያች ልጇን የምትፈልግ እናት የትም እንዳልነበረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው አይቶት የማያውቀውን፣ ተሠርቶም የማያውቀውን ፊልም ሊናፍቅ ይችላል? ይችላል።

ብርቱካን ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ እኒህ ሰው ነገ ምን ሊያዩ ነው?»

እኔ እንዳስለመድኳቸው እተረጉምላቸዋለሁ አልኩ። እሷ አይሆንም አለች። ሚስታቸው ያየችውን ልይ ብለው የቀረቻቸውን አንዲት ዓይን ይዘው ለመጡ ሰው ውሸት አያሳዩም አለች። እውነቱን ከነገርኳቸው የሚስታቸውን ዕንባ ከንቱ አደርገዋለሁ አልኩ። ዕንባው የእሳቸው ነው፣ አንተን ያሳሰበህ የራስህ ክብር ነው አለች። በሕይወቴ ሁሉ የምመኘውን ተቃዋሚ በገዛ ቤቴ አገኘሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አያ አለኸኝ ጋቢያቸውን አሳጥበው መጡ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ሳሎኑን አጨለምነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ እጅ ሲዘረጉ በሚደርሱበት ርቀት አስቀመጥናቸው። ብርቱካን ሶፋው ጥግ ተቀመጠች። «ዱላህስ?» አሉኝ አያ አለኸኝ። ዱላ ከየት ይምጣ፤ የወለል መወልወያውን እንጨት ይዤ ቆምኩ።

ጀመርኩ። ድምፄ ከውፍረቱ በስተቀር የዱሮው ነበር። እንደ ልማዴ የተመልካቹን ፊት ለማንበብ ሞከርኩ፤ ግን የአንደኛው ተመልካች ፊት አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የሌላዋ ፊት ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ስሕተት፣ ስሕተት፣ ስሕተት» የሚል ነው። የሆነው ሆኖ ላሟን አለፍን። ፖስተኞቹን አለፍን። ምሰሶው ሲወድቅ አያ አለኸኝ «ዓይኗ ታውሮ ነው አይደል?» ብለው ቀደሙኝ። አዎ አልኩ። አንዲቱን ዓይናቸውን አየሁና መቀጠል ከበደኝ።

ዋሻው ጋ ስንደርስ የጋሪ ጎማው ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አያ አለኸኝ ወንበራቸውን ይዘው ቀና አሉ። የሚጠብቁት ቦታ ይኼ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ ላይ ቆሜ ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ሸረሪቷ በተሰበረ እግሯ ወደ ዋሻው ትገባለች።

«አያ» አልኩ፣ «እዚህ ላይ ምንም አትልም። ያን ጊዜም ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ከራሴ ያወጣሁት። እንግሊዝኛውም አይገባኝም ነበር።»

ፉርጎው ፈነዳ። ጢስ ሆነ። ሰውየው አለቀ አለ።

አያ አለኸኝ «አውቃለሁ» አሉ።

ብርቱካን ወደ ሶፋው ጫፍ ተጠጋች።

«ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ምን አስለቀሰሽ አልኳት» አሉ። «‹በዚያ ሁሉ አሸዋ ውስጥ ወንዝ አይተሃል?› አለችኝ። እኔማ ምን አይቼ፤ እሷን ነበር የማየው። ‹ሸረሪቷ አይደለችም የተናገረችው› አለችኝ። ‹ያ ልጅ ከፈጣም ማዶ ነው። እናቱ ወንዙ ሞልቶባት ቀርታለች። ከንፈሩን አላየኸውም? ርቦታል እኮ› አለችኝ። ከዚያ በሚቀጥለው ገበያ ድርቆሽ ቋጠረች።»

አያ ያመጡልን የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ መቀመጫ አጠገቤ አልነበረም።

«በነጭ ጨርቅ?» አልኩ።

«ጫፉ ቀይ ጥለት ያለው። ከቀሚሷ የተረፈ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ነው እኮ የመጣልኝ፣ አያ። ውሃው በጥቅምት ጎድሎ እናቴ መጥታለች።»

«አይ፣ ውሃው እስኪጎድል ብላ ነበር የጀመረችው። ኋላ ለመደባት።» ፈገግ አሉ። «ልጅ ገና አልነበረንም። እሮብ እሮብ ስትቆላ አስተርጓሚዬ ይራበዋል እያለች ነው።»

ስለዚያች ጎበዝ ተማሪ፣ ስለ ሁለት ገጹ ደብዳቤ፣ በቀይ ስለታረመው ፍቅሬ የማስበው ነገር መኖር ነበረበት፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ድርቆሹ ነው። ጨው በዛ ያለበት፣ ከእናቴ ድርቆሽ ትንሽ ወፈር የሚል፣ የባለትዳር እጅ እንጂ የተማሪ እንዳልሆነ እንዴት እስካሁን ልብ አላልኩም? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔ የሁሉንም ፊት አነባለሁ እያልኩ ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ሴት የእኔን ፊት ታነብ ነበር። ዛሬ እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ። መኪናው በሁለት ደቂቃ ያልፋል። ተሸክማ የምትሻገርልኝ ሰው ግን በወዲያም በወዲህም የለችም።

«ታዲያ ይኼን እያወቁ ምን ሊያዩ መጡ?» አልኳቸው።

«አልኩህ እኮ። እሷ ያየችውን።» በከዘራቸው ቴሌቪዥኑን ነካ አደረጉት። «ይኼን ሣጥን አይደለም። ተነሥ እስቲ። እዚያው ቁም፤ እንደዚያን ቀን።»

ተነሥቼ ቆምኩ። እሳቸው ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ አዞሩ። ብርቱካን ማንም ሳይነግራት ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ ዋሻው ጋ ስታደርስ ድምፁን አጠፋችው። ያ ወንዙ የታለ እያለች ዓርብ ዕለት ስትስቅ የዋለችው ብርቱካን። ብርሃኑ ከጀርባዬ መጥቶ አያ አለኸኝ ፊት ላይ ወደቀ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ደኅና ዓይናቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«በል» አሉ። «ወንዙን እንዳትረሳ።»

ከኋላዬ ሸረሪቷ ያለ ድምፅ ወደ እሳቷ ትሄዳለች። ይቅርታ ልጠይቃት የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር፤ ግን እንደ ሁልጊዜው ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ።

«ልጄ» አልኩ፣ «አልረሳሁህም። ስንቅህን ቋጥሬ ሦስት ጊዜ እወንዙ ዳር ደርሻለሁ።» ሶፋው ላይ ብርቱካን ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች። በእኔ የትርጉም ሕግ ይኼ መሳሳም ማለት ነበር፤ ሕጉ እንደማይሠራ ያን ቀን አወቅኩ። «ወንዙ ሞልቶብኝ ነው እንጂ መጥቼ ነበር። ውሃው ሲጎድል እመጣለሁ።»

አያ አለኸኝ ዓይናቸውን ከከንፈሬ ሳያነሡ እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ከዘራቸውን ፈለጉ።

«በቃ» አሉ፣ «አየሁት።»